ተመራማሪው ሬጅስተር ከመክፈቱ በፊት፦ ከመረጃ ክፍል የተጻፈ የስልጠና መመሪያ

"ለትምህርት ነው እኮ!"

ካርድ ክፍል በር ላይ የቆመ ሰው ይህን ሳይሰማ አይውልም። ተማሪው የማስተርስ ጥናቱን ሊሠራ መጥቷል። የኢቲካል ክሊራንስ (የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ) ደብዳቤ ይዟል። የድጋፍ ደብዳቤውም ማህተም አርፎበታል። የሦስት ዓመት የወሊድ ሬጅስተር ይውጣልኝ ይላል። ዳታ ሰብሳቢዎቹ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው እየጠበቁት ነው። ለትምህርት መሆኑን አልጠራጠርም። ግን ሬጅስተሩ ላይ ስማቸው የሰፈረው እናቶች የመጡት ሊወልዱ ነው። ጥናት የሚባል ነገር ማንም አላነሳባቸውም።

እኔ ሆስፒታል ውስጥ መረጃ ክፍል ነው የምሠራው። ካርድ ከመደርደር ተነስቼ ነው እዚህ የደረስኩት። አሁን ተማሪዎችና ዳታ ሰብሳቢዎች መዝገብ ከመንካታቸው በፊት የሚወስዱትን ስልጠና አዘጋጃለሁ። ይህን የምጽፈው ይኸው ሥራ ለወደቀባችሁ ሰዎች ነው፤ ለኤችአይቲዎች (የጤና መረጃ ቴክኒሻኖች)፣ ለአማካሪ መምህራን፣ ለምርምር ክፍል ሠራተኞች።

አቋሜን ቀድሜ ልናገር። በፓወርፖይንት የተሰጠ የምስጢር ጥበቃ ትምህርት ከምሳ በኋላ ማንም አያስታውሰውም። የምስጢር መጠበቂያ ቅጽ ማስፈረምም ብቻውን ስልጠና አይደለም። ሰው ነገሩ የሚገባው ስም የሌለበት ፋይል ተሰጥቶት አንዲት ሴትዮን በገዛ ጣቱ ፈልጎ ሲያገኛት ነው። ስለዚህ ከዚያ ጀምሩ።

የውሸት ሬጅስተር ሥሩ

እውነተኛ ሬጅስተር ለማስተማሪያ አታውጡ። "የድሮ ነው፣ ሞልቶ የተዘጋ ነው" ብላችሁም አትሸወዱ። እናቶቹ ዛሬም እዚሁ ከተማ ነው ያሉት።

ትልቅ ባለመስመር ደብተር ግዙ። የወሊድ ሬጅስተሩን ዓምዶች አስምሩበት፦ ተራ ቁጥር፣ የካርድ ቁጥር፣ ሙሉ ስም፣ ዕድሜ፣ ወረዳና ቀበሌ፣ የገባችበት ቀን፣ የወለደችበት ቀንና ሰዓት፣ በምጥ ነው በኦፕሬሽን፣ የሕፃኑ ጾታና ክብደት፣ የኤችአይቪ ምርመራ ውጤት፣ ያዋለደው ባለሙያ። ከዚያ 40 ያህል እናቶችን ከጭንቅላታችሁ ፍጠሩ። በተለያየ እስክርቢቶ ጻፉ። አንዳንዱ ጽሑፍ የማይነበብ ይሁን። አንዳንድ ሳጥን ባዶ ይቅር። እውነተኛው ሬጅስተር እንደዚያ ነውና።

አሁን ወጥመዶቹን አስገቡ። መንታ የወለደች አንዲት እናት ትኑር። አንዷ የ46 ዓመት ትሁን። አንዷ ከሩቅ ወረዳ ሪፈር ተጽፎላት የመጣች ትሁን። አንዷ ጳጉሜን ላይ ትውለድ። ከአንዱ ቀበሌ አንዲት ሴት ብቻ ትምጣ።

ይህን ኤክሴል ላይ ገልብጡት። የስምና የካርድ ቁጥር ዓምዶችን አጥፉ። ለሠልጣኞቹ ስጡና "ይህ ፋይል የማንንም ማንነት ያሳያል?" ብላችሁ ጠይቁ። ስምማ የለውም ይሏችኋል። የተለያየ ዓይነት ሰው አሠልጥኛለሁ፤ ሐኪም፣ ነርስ፣ የስታቲስቲክስ መምህር። መልሳቸው አንድ ነው።

ቀጥሎ ትንሽ ወረቀት ስጧቸው። ወረቀቱ ላይ ጎረቤት የምታውቀውን ያህል ብቻ ጻፉ፦ "ሰፈራችን ያለችው ልጅ ናት። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ነው የወለደችው፤ ለእንቁጣጣሽ አራስ ነበረች። ወንድ ልጅ ነው። በኦፕሬሽን ነው የተገላገለችው።" ፈልጉ በሏቸው። ኤክሴሉን በወሊድ ቀን ሲያጣሩት ሁለት ሦስት ረድፍ ይቀራል። በጾታና በኦፕሬሽን ሲያጣሩት አንድ። አሁን በዚያ ረድፍ ላይ ወደ ቀኝ ሂዱ በሏቸው። የኤችአይቪ ውጤቷ እዚያ ተቀምጧል።

እዚህ ላይ ስለ አገራችን አንድ ነገር ጨምሩ። እኛ ዘንድ ሴት ስትወልድ ሰፈር በሙሉ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ሊል ይገባል። ገንፎ ይበላል። የገባው ሰው ሁሉ ቀኑን፣ የልጁን ጾታ፣ ኦፕሬሽን መሆን አለመሆኑን አውቆ ይወጣል። ስም ባይኖርም ፋይሉን የሚከፍተው ቁልፍ እያንዳንዱ ጎረቤት ኪስ ውስጥ አለ ማለት ነው። የተማሪው ዳታ ሰብሳቢ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የዚያው ከተማ ልጅ ነው።

ይህ የሐበሻ ሰፈር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላቸው የማሳቹሴትስን ታሪክ እነግራቸዋለሁ። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የግዛቲቱ የመንግሥት ሠራተኞች የሕክምና መረጃ ስምና አድራሻ ተነስቶለት፣ ልደት፣ ጾታና የፖስታ ቁጥር ግን እንዳለ ቀርቶ ለተመራማሪዎች ተሰጠ። ላታንያ ስዊኒ የምትባል የኤምአይቲ ተማሪ የካምብሪጅ ከተማን የመራጮች ዝርዝር በ20 ዶላር ገዛች። የገዥውን የዊልያም ዌልድን የልደት ቀን የሚጋሩ መራጮች ስድስት ነበሩ። ከስድስቱ ወንዶቹ ሦስት ናቸው። በእሱ የፖስታ ቁጥር የሚኖረው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ራሱ ገዥው። የሕክምና መረጃው በዚህ መንገድ ተገኘ። ልደት፣ ጾታና የፖስታ ቁጥር ብቻ በቂ ሆኑ። የእኛ ሬጅስተር ቀበሌ ሁሉ አለበት፤ አንዳንዱም ስልክ ቁጥር ይጨምራል።

ደብዳቤውን ጮክ ብለው ያንብቡ

ተማሪዎች ክሊራንሱን እንደ መግቢያ ትኬት ነው የሚያዩት። ያሳዩታል እንጂ አያነቡትም። እናንተ አስነብቧቸው፤ ድምፅ አውጥተው፣ ሁሉም እየሰማ። የትኛው ክፍል መዝገብ ተፈቀደ? ከየትኛው ዓመት እስከ የትኛው? የትኞቹ መረጃዎች? ማን ይሰበስባል? ፋይሉ መቼ ይጠፋል? የወሊድ ሬጅስተር የተፈቀደለት ሰው "እግረ መንገዴን" ብሎ የኤአርቲ (የኤችአይቪ ሕክምና) ሬጅስተር መግለጥ አይችልም። ይሄ እግረ መንገድ የሚሉት ነገር ብዙ ሰው ያስታል።

የእናቶቹ ፈቃድ ጉዳይም እዚሁ ይነሳ። በሬጅስተር ጥናት የሥነ ምግባር ኮሚቴው አብዛኛውን ጊዜ የእያንዳንዷን እናት ፈቃድ መጠየቅ ይቀር ይላል። ሺህ ሴቶችን ደውሎ ማስፈቀድ አይቻልም፤ ጥናቱም ከእነሱ ጋር ንክኪ የለውም። ግን ኮሚቴው ይህን የሚፈቅደው ተመራማሪው የሚወስደው ጥቂት መሆኑንና የወሰደውን እንደሚጠብቅ አምኖ ነው። እናቲቱ እንቢ የማለት ዕድሏ ተነስቷል። ስለዚህ ስለ እሷ ሆኖ እንቢ የሚል ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ሠልጣኙ ራሱ እንዲሆን ነው የምትፈልጉት።

መልመጃው ቀላል ነው። ከሬጅስተሩ መረጃ የሚገለበጥበትን ቅጽ፣ ቼክሊስቱን፣ ያውጡ፤ ቀይ እስክርቢቶ ስጧቸው። ለእያንዳንዱ ጥያቄ "ይህ የትኛው ሠንጠረዥ ላይ ይገባል?" ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌለ ይሰረዝ። ሃይማኖት? ብሔር? ከቀድሞ ተማሪ ቼክሊስት ተገልብጦ የመጣ ነው እንጂ ለዓላማው ምንም አይሠራም። ይሰረዝ። የልደት ቀን? ዕድሜ ይበቃል፤ እንዲያውም የዕድሜ ክልል። ቀበሌ? ጥያቄው ከተማና ገጠር ከሆነ ከተማ ወይም ገጠር ብቻ ይጻፍ። የወሊድ ቀን? ወሩ ይበቃል፤ ወይም ከገባችበት እስከ ወለደችበት ያለው ሰዓት። የፋይዳ ቁጥር ግን ለምንም ዓይነት ምክንያት ቼክሊስት ላይ አይግባ። 12 አሃዝ ሰውየውን ከሌላው መዝገብ ሁሉ ጋር ያገናኛሉ።

እዚህ ላይ የሚከራከር አይጠፋም። "ምናልባት በኋላ ካስፈለገኝስ?" ይላል። ካስፈለገህ ኮሚቴው ጋ ተመልሰህ ማስተካከያ ትጠይቃለህ። አለቀ።

ስለ ሕጉ ረጅም ንግግር አታድርጉ፤ ግን መኖሩን ይወቁ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ወጥቷል፤ የጤና መረጃን ጥብቅ ጥበቃ ከሚሹት መካከል አስቀምጦታል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። "ማንም አይጠይቀኝም" የሚባልበት ጊዜ እያለፈ መሆኑን ለማሳየት ይህ ይበቃል።

ስልክ

የስልጠናው ከባዱ ክፍል ይሄ ነው። መረጃ ሾለከ የሚባለው ሀከር ገብቶ እንዳይመስላችሁ። ስልክ ነው።

ነገሩ እንዲህ ይሄዳል። ዳታ ሰብሳቢዋ የምትከፈለው በሞላችው ቼክሊስት ብዛት ነው። ካርድ ክፍል ወንበር የለም፤ መብራትም ይጠፋል። ስለዚህ የሬጅስተሩን ገጽ ፎቶ አንስታ ማታ ቤቷ ተቀምጣ ልትሞላ ታስባለች። ተንኮል የለበትም፤ ሥራ ማቅለል ነው። ግን ስልኩ ፎቶውን በራሱ ወደ ጉግል ፎቶስ ሊልክ ይችላል። የጽሑፍ ችግር ሲገጥማት "ይሄ ምን ይላል?" ብላ ለዳታ ሰብሳቢዎቹ የቴሌግራም ግሩፕ ትለጥፋለች። ግሩፑ ውስጥ ሥራውን ጥሎ የሄደ ልጅ አለ፤ ማንም አላስወጣውም። በአንድ ጠቅታ የሃያ እናቶች ስም፣ ቀበሌና የምርመራ ውጤት ስንት ስልክ ላይ አደረ?

ስለዚህ ደንቡ ምንም ቀዳዳ አይኑረው፦ ሬጅስተር ፎቶ አይነሳም። ስልክ ካርድ ክፍል በር ላይ ቅርጫት ውስጥ ይቀመጣል። ግን ደንብ ብቻ ብታወጡ ይሸሸጋል እንጂ አይከበርም። ፎቶ የሚያስነሳውን ምክንያት አንሱላቸው። ጠረጴዛና ወንበር ስጡ። የማይነበብ ጽሑፍ ሲገጥም የሚጠየቅ አንድ አዋላጅ ወይም ኤችአይቲ መድቡ፤ ሬጅስተሩን ይዘው እሷ ጋ ይሂዱ። ክፍያው በቀን ይሁን እንጂ በቼክሊስት አይሁን። ይህን የመጨረሻውን ለተማሪው አጥብቃችሁ ንገሩት። በቁጥር የሚከፈል ሰው ይቸኩላል፤ የሚቸኩል ሰው ደግሞ ፎቶ ባያነሳ እንኳ ባዶውን ሳጥን በግምት ይሞላል።

በታብሌት ኮቦ (የመረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያ) የሚጠቀሙ ከሆነ ይሻላል። ግን አንዱን የይለፍ ቃል አምስት ሰው እንዳይጋራው። ሥራ ያቆመ ሰው በዚያው ቀን መግቢያው ይዘጋ።

የምታውቋት ሴት ስትገኝ

ይህን በትወና አሠሩት። አንዷ ዳታ ሰብሳቢ ትሁን፤ ሬጅስተር ስትገልጥ የአጎቷን ሚስት ስም ታያለች። ምን ታደርጋለች? ብዙዎቹ "አይቼ እንዳላየሁ አልፋለሁ" ይላሉ። መልካም ሐሳብ ነው፤ ግን ዓይን ያየውን መመለስ አይቻልም። ትክክለኛው እርምጃ የቀረውን ሳያነቡ ገጹን መሸፈንና ለባልደረባ መስጠት ነው። "ይህን አንተ ሙላልኝ" ብቻ በቂ ነው። ለምን ተብሎ አይጠየቅም፤ ተቀባዩም ከየትኛዋ ሴት የተነሳ እንደሆነ አይመራመርም። ለዚህ ሲባል ሬጅስተሩን በወፍራም ካርቶን እየሸፈኑ አንድ ረድፍ ብቻ እያዩ እንዲሠሩ አድርጉ። ካርቶኑን ከመድኃኒት ሣጥን መቁረጥ ትችላላችሁ።

ሁለተኛው ትወና ከሥራ በኋላ ነው። ቡና ላይ ጓደኛዋ ትጠይቃታለች፦ "እነ እንትና ሰፈር ብዙ ፖዘቲቭ አለ አሉ፤ እውነት ነው?" ስም አልተጠራም። ቢሆንም መልስ የለውም። "የቆጠርኩት እኔ እንጂ የማወራው እኔ አይደለሁም" ብላ የመለሰች ሠልጣኝ አለችን። አሁን እሷን ነው የማስጠቅሰው።

ኮድና ፋይል

ለእያንዳንዷ እናት የጥናት ቁጥር ይሰጣል፦ 001፣ 002 እያለ። ኮዱ ከእናቲቱ ስም መጀመሪያ ፊደል፣ ከዕድሜዋና ከቀበሌዋ አይሠራ። ኮድ አይደለም ያ፤ አጭር መታወቂያ ነው። የጥናት ቁጥሩን ከካርድ ቁጥሩ የሚያገናኘው ዝርዝር በወረቀት ይሁን፤ ከሆስፒታሉ አይውጣ፤ የተቆለፈ ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ። ማጣራቱ ሲያልቅ ይቃጠል።

ኮምፒውተር የሚያውቁ ልጆች "የካርድ ቁጥሩን ሃሽ እናደርገዋለን" ይላሉ፤ በቀመር ወደማይገባ የፊደልና የቁጥር ድርድር እንለውጠዋለን ማለታቸው ነው። ሐሳቡ ጥሩ ይመስላል። ግን ካርድ ቁጥሩ ስድስት አሃዝ ከሆነ አማራጩ 1,000,000 ብቻ ነው። ሚሊዮኑንም ሃሽ አድርጎ ማነጻጸር ለተራ ላፕቶፕ የአፍታ ሥራ ነው። ቁጥሩን ጨርሶ አለመውሰድ ይቀላል።

ኤክሴል ላይ ሁለት ነገር በዓይናቸው አሳዩአቸው። አንደኛ፣ የተደበቀ ዓምድ አልጠፋም። በማውዝ ቀኝ ጠቅ አድርጎ "አንሃይድ" ማለት ነው፤ ስሞቹ ይመለሳሉ። ሁለተኛ፣ ፒቮት ሠንጠረዥ (ኤክሴል ዳታውን ደምሮ የሚያሳይበት ሠንጠረዥ) ብቻውን ቆርጠው ቢልኩት እንኳ የመጣበትን ዳታ ቅጂ ተሸክሞ ሊሄድ ይችላል። ድምሩን ሁለቴ ጠቅ ሲያደርጉት ዝርዝሩ በአዲስ ገጽ ይዘረገፋል። ይህን ሲያዩ "ኧረ!" የማይል የለም። ለአማካሪ የሚላክ ሠንጠረዥ ወርድ ላይ እንደ ጽሑፍ ይለጠፍ።

ፍላሽ ካስፈለገ በቢትሎከር ወይም በቬራክሪፕት የተቆለፈ ይሁን። ኢንተርኔት ቤትና ፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር ላይ ግን አይሰካ። በወረቀት የተሞላ ቼክሊስት ደግሞ ቆሻሻ ገንዳ አይጣል። የተጣለ ወረቀት የቆሎ መጠቅለያ ሆኖ እንደሚመለስ ሁላችንም እናውቃለን። ሆስፒታል ማቃጠያ አለው፤ ቆማችሁ አስቃጥሉ።

ትንንሽ ቁጥሮች

ተማሪው ፋይሉን ጠብቆ፣ ስልኩን ቅርጫት ውስጥ ትቶ፣ ሁሉን በሥርዓት ሠርቶ ሊያልቅ ሲል ይሳሳታል። የሚሳሳተው በሠንጠረዥ ነው። ተሲስ (የመመረቂያ ጽሑፉ) ደግሞ ይታተማል፤ ዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ ይወጣል።

ቦርዱ ላይ ይህን ጻፉ። ኤችአይቪ በደማቸው ያለ እናቶች፦ ቀበሌ አንድ 12፣ ቀበሌ ሁለት 9፣ ቀበሌ ሦስት "ከ5 በታች"፣ ድምር 23። ተማሪው ትንሹን ቁጥር ደብቄያለሁ ብሎ ኮርቷል። ቀንሱ በሏቸው። ከ23 ላይ 12 እና 9 ሲነሳ 2 ይቀራል። ምን ተደበቀ? ወይ ሌላ አንድ ሳጥን አብሮ ይደበቅ፤ ወይ ቀበሌዎቹ ይቀላቀሉ። እኔ መቀላቀሉን እመርጣለሁ፤ ኮከብ ምልክት የሞላበት ሠንጠረዥ ለአንባቢም አይጠቅምም። ስንት ሲሆን ነው ትንሽ የሚባለው? አንዳንዱ ተቋም 5 ይላል፣ አንዳንዱ 10። የናንተ ኮሚቴ የወሰነውን ያዙ፤ ካልወሰነ አስወስኑት።

ሌላም አለ። አንድ ሠንጠረዥ ላይ "412 እናቶች"፣ ሌላው ላይ "ከ18 ዓመት በታች ያሉት ሲወጡ 411"። አንዲት ልጅ ብቻዋን ቆማለች። ትልቅ ቁጥርም ደህና አይደለም፦ "ከዚያ ካምፕ የመጡት 14ቱም ፖዘቲቭ ናቸው" ቢባል አንድም ሰው መለየት አያስፈልግም፤ አሥራ አራቱም ታውቀዋል። መቶ በመቶና ዜሮ በመቶ ሁልጊዜ ይጠርጠሩ። በተሲሱ ውስጥ "አንዲት የ46 ዓመት እናት መንታ ወልዳ..." የሚል ትረካ ካለ ደግሞ ቀይ እስክርቢቶው ይመለስ።

አንድ ቡድን በአንድነት ስሙ የሚነሳበትንም ነገር አወያዩ። ማንም ለብቻው ሳይታወቅ ሰፈር በሙሉ ሊሰደብ ይችላል። "በዚህ ወረዳ ጽንስ ማቋረጥ በዝቷል" የሚል አርዕስት ፌስቡክ ላይ ሲወጣ ምን እንደሚሆን እነሱም አያጡትም።

ሬጅስተሩ የማያውቀው

ይህን ብዙ አሠልጣኞች ከሥነ ምግባር አይቆጥሩትም። እኔ እቆጥረዋለሁ። የሰውን መረጃ ወስዶ የማይለውን ማስባል ሁለተኛ በደል ነው።

የወሊድ ሬጅስተር የሚያውቀው የመጣችውን እናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው በጤና ተቋም የተወለዱት ልጆች 26 በመቶ ነበሩ። የ2019ኙ አነስተኛ ጥናት 48 በመቶ አለ። በዚያ ዘመን ሬጅስተር ላይ ተመሥርቶ "በዞኑ ያሉ እናቶች" ብሎ የጻፈ ሰው ቤታቸው የወለዱትን ሴቶች ረስቷቸዋል። "ሆስፒታሉ የመጡ እናቶች" ተብሎ ይጻፍ።

ባዶ ሳጥን "የለም" ማለት አይደለም። ሬጅስተር ላይ "ደም መፍሰስ" ካልተጻፈ ምናልባት አዋላጇ ደሙን ስታቆም ነው ያመሸችው። 20፣ 25፣ 30 የተባለ ዕድሜ ሲበዛ ግምት ነው። ሰዓቱም ጣጣ አለው፦ "8 ሰዓት" ቀን ነው ሌሊት? በሀበሻ ነው በፈረንጅ? አንዱ ዳታ ሰብሳቢ ቀይሮ ሌላው ሳይቀይር ከሞላ የስድስት ሰዓት ልዩነት ይገባል። ቀኖቹን ሁሉ ሬጅስተሩ ላይ እንዳሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይውሰዱ፤ ከዚያ አንድ ሰው በአንድ ቀመር ይቀይር።

የሌሎች አገር ልምድ

በዴንማርክ እያንዳንዱ ነዋሪ ከ1968 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በመለያ ቁጥር ይመዘገባል። ተመራማሪ የግለሰቦቹን መረጃ ቤቱ አይወስድም፤ በርቀት ወደ ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ሥርዓት ገብቶ እዚያው ይሠራል። ይዞ የሚወጣው የተደመረ ውጤት ብቻ ነው። እንግሊዞች ደግሞ አምስት ጥያቄ አላቸው፦ ጥናቱ ተገቢ ነው? ሰውየው ታማኝና የሠለጠነ ነው? ቦታው ደህና ነው? ዳታው ተቀንሷል? የሚወጣው ውጤት ተመርምሯል? ተመራማሪው ሠልጥኖ ፈተና ሳያልፍ አይገባም።

እኛ ሰርቨር የለንም ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። መረጃ ክፍል ጥግ ላይ ኢንተርኔት የሌለው አንድ ኮምፒውተር አድርጉ። የፍላሽ ቀዳዳውን አስዘጉ። ኤስፒኤስኤስ ወይም አር የተባለውን የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ጫኑበት። ተማሪው እዚያ ተቀምጦ ይተንትን። ሠንጠረዡን እናንተ አይታችሁ አትሙለት። የዴንማርኩ ሥርዓት ዋናው ሐሳብ ይኸው ነው።

ፈተናውና ከፈተናው በኋላ

ምርጫ ያለው ጥያቄ አታውጡ። "ምስጢር መጠበቅ አለበት፦ እውነት ወይስ ሐሰት" የሚል ፈተና የሚወድቅ የለም። ይልቅ ችግር ያለበት ፋይልና የተሲስ ምዕራፍ አራት (የውጤት ምዕራፍ) አዘጋጁ። የተደበቀ ዓምድ፣ ከስም ፊደል የተሠራ ኮድ፣ ተቀንሶ የሚገኝ ቁጥር፣ ከክሊራንሱ ውጭ የሆነ ዓመት፣ "እናቶች በዞኑ" የሚል ድምዳሜ ይኑርበት። ጥፋቶቹን ያውጡ። ያመለጠው ሰው ሌላ ፋይል ወስዶ እንደገና ይሞክር። ዳታ ሰብሳቢዎቹም ይፈተኑ፤ መዝገቡን የሚገልጡት እነሱ ናቸው።

ነገር ሲበላሽ የሚደወልበትን ስልክ ቦርዱ ላይ ጻፉ። ፍላሽ ጠፋ፣ ፎቶ ተላከ፣ ቼክሊስት ታክሲ ውስጥ ተረሳ፤ በዚያው ቀን ይነገር። ወዲያው የተናገረ ሰው አይሰደብ። ስድብ ካለ የሚቀጥለው ሰው ይደብቃል።

የመጨረሻው ጉዳይ አማካሪው ነው። ተማሪው ሁሉን ተምሮ ይወጣል፤ ማታ አማካሪው ይደውልና "ዳታውን በቴሌግራም ወርውርልኝ" ይለዋል። ውጤቱ በእጁ ላለ መምህር እንቢ ማለት ለተማሪ ቀላል አይደለም። ከተቻለ አማካሪዎቹን በስልጠናው የመጀመሪያ ሰዓት ላይ ጥሯቸው፤ የውሸት ሬጅስተሩ ላይ ሴትየዋን እነሱም ይፈልጉ። የማይመጡም አሉ። ለእነሱ ሲባል ተማሪው የሚለውን አፉ ላይ አድርጉለት፤ ክፍል ውስጥ ድምፁን አውጥቶ ይለማመደው፦ "ዶክተር፣ ፋይሉ ከሆስፒታሉ እንዳይወጣ ፈርሜያለሁ። ሐሙስ ከሰዓት የሚመችዎት ከሆነ መረጃ ክፍል መጥተው አብረን እንየው። ሠንጠረዦቹን ግን አሁኑኑ እልክልዎታለሁ።" የፈረመበትን ቅጽ ቅጂ ከኮሚቴው ማህተም ጋር ስጡት። ሐሙስ ከሰዓት ደግሞ ኮምፒውተሩ ነፃ መሆኑን አረጋግጡ።